ርግብ፣ በቀቀንና የንጋት ወፍ
(በግጥምና በዜማ ውስጥ የሰላምና የነፃነት ምልክቶች)

«ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ወግ፣ የራሱ ቋንቋና የራሱ ጠባይ እንዳለው ለማስረዳት የሚነገር ነው። ይሁን እንጂ የልዩ ልዩ አገሮችን ግጥምና ዜማ ጠጋ ብሎ የመረመረ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ይገጥመዋል። ወፊቱ እንደ አገሯ ብትጮኽም፣ ሰው በወፊቱ አፍ የሚናገረው ጉዳይ ከአገር አገር እምብዛም አይለያይም። ሰላም ያጣ ሰው ስለ ርግብ ያዜማል፤ ነፃነት ያጣ ሰው ደግሞ ስለ ታሰረች ወፍ ያዜማል።

በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ከመካ ተነሥተን በሐለብ በኩል አድርገን እስከ ኹራሳን፣ ማለትም የዛሬውን ምሥራቃዊ ኢራንና አፍጋኒስታንን እስከሚያጠቃልለው ሰፊ ምድር ድረስ እንዘልቃለን፤ በመጨረሻም ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለሳለን። ውድ አንባብያን አስቀድመው እንዲገነዘቡልን የምንፈልገው ነገር ቢኖር፣ የሙዚቃ መሣሪያና ዘፈን ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው የፊቅህ ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ ርዕስ አለመሆኑን ነው። የኛ ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ገጣሚዎቹ በወፍ ምሳሌነት ምን ሊሉ ፈለጉ? እንዲያ ያሰኛቸውስ ምን ነበር? የሚል ነው። ዓመታቱ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሰላምና ነፃነት ብዙ ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ። በምልክትነትም ሁለቱም ለወፍ ተሰጥተዋል። ነገር ግን የሰላሟ ወፍና የነፃነቷ ወፍ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያይቱ ከሰው አጠገብ ሆና የማትፈራ ወፍ ናት። ሁለተኛይቱ ከሰው እጅ ለማምለጥ የምትናፍቅ ወፍ ናት። ሁለቱም ያው ሁለት ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት ናቸው፤ የሚለያያቸው ከአጠገባቸው ያለው ሰው እጅ ነው።

የሐረሙ ርግብ

ርግብ የሰላም ምልክት መሆኗ በዓለም ዙሪያ የታወቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ጥንታዊ ነው። በኦሪት እንደተተረከው የጥፋት ውኃ ሲጎድል ርግብ የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ ወደ ነቢዩ ኑሕ መርከብ ተመልሳለች። ሁለተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። በ1949 በፓሪስ ለተካሄደው የዓለም የሰላም ጉባኤ ሠዓሊው ፓብሎ ፒካሶ የሠራው የርግብ ምስል በወረቀት ታትሞ በየግድግዳው ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ርግብ በሰልፍ መፈክር፣ በቴምብርና በመዝሙር ሁሉ የምትታይ ሆነች።

ከፒካሶ ሥዕል ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ግን በዐረብ ምድር ወፍ የደህንነት ምልክት ሆና በግጥም ውስጥ ትታይ ነበር። ከእስልምና በፊት ከነበሩት ታላላቅ ገጣሚዎች አንዱ የሆነው አን-ናቢጋ አዝ-ዙብያኒ ከሒራው ንጉሥ ከኑዕማን ጋር ተቀያይሞ ነበር። ከንጉሡ ቁጣ ሸሽቶ ሳለ ምሕረት ለመለመን በገጠመው ቅኔ ውስጥ የመካን ወፎች ያነሣል። የሚምለውም እነዚያን ወፎች ከአደጋ በጠበቃቸው ጌታ ነው። መንገደኞች በአጠገባቸው ሲያልፉ በእጃቸው እስኪነኳቸው ድረስ ወፎቹ እንደማይሸሹ ያወሳል። ልብ እንበል! ይህን የሚናገረው ራሱ ተሸሽጎ የሚኖር ሰው ነው። ለወፎቹ የተሰጠው ደህንነት ለእርሱ አልተሰጠውም ነበርና በእነርሱ ቀና።

እስልምና ከመጣ በኋላ ይህ የቆየ ልማድ ሕግ ሆነ። በመካ ሐረም ክልል ውስጥ የዱር እንስሳትንና ወፎችን ማደን ቀርቶ ከተቀመጡበት ማስበርገግ እንኳ ተከለከለ። ክልከላው በኢሕራም ላለ ሐጅ አድራጊ ብቻ ሳይሆን በክልሉ ለሚገኝ ሰው ሁሉ ነው። ከሰሓቦች መካከል ዑመርና ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) የሐረምን ርግብ የገደለ ሰው ካሳ በግ እንዲያርድ መፍረዳቸው ተዘግቧል። አንድ በግ ለአንዲት ርግብ! በገበያ ሚዛን ቢታይ የማይመጣጠን ነገር ነው። የፍርዱ ቁም ነገር ግን የርግቧን ሥጋ ዋጋ መተመን አልነበረም። የተተመነው የተጣሰው ሰላም ነው። ከዚህም የተነሣ ዐረቦች ምንም የማያሰጋው ሰው ሲያዩ ከመካ ርግብ ጋር እያወዳደሩ መናገር ለመዱ፤ አባባሉም ከምሳሌያዊ ንግግሮቻቸው መካከል ተመዝግቧል።

ይኸው ጥንቃቄ ከሐረም ክልል ውጭም ቢሆን ያለ ነው። በአቡ ዳውድ የሐዲስ ስብስብ እንደተዘገበው፣ በአንድ ጉዞ ላይ አንዳንድ ሰሓቦች የአንዲትን ትንሽ ወፍ ሁለት ጫጩቶች ይወስዳሉ። እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች በላያቸው ትዞር ጀመር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲያዩ በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁና ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት አዘዙ።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ርግብ የሰላም ምልክት የሆነችው ነጭ ስለሆነች ወይም ድምፅዋ ስለሚያባባ ብቻ አለመሆኑን ነው። የሐረሙ ርግብ ሰላም የሚመነጨው መግደል እየቻለ ከተቆጠበው ሰው ነው። ርግቧ የምትመሰክረው ስለ ራሷ ጠባይ ሳይሆን ስለ ሰውየው ጠባይ ነው።

የምርኮኛው ጎረቤት

አሁን ወደ ሁለተኛይቱ ወፍ እንሻገር። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐለብ፣ ማለትም በአሌፖ፣ ሰይፍ አድ-ደውላ የሚባል የሐምዳኒ ሥርወ መንግሥት ገዥ ነበር። ከሩም መንግሥት፣ ከቢዛንታይን ጋር፣ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ይዋጋ ነበር። የአጎቱ ልጅ አቡ ፊራስ አል-ሐምዳኒ የመንቢጅ ከተማ አስተዳዳሪ፣ የጦር አለቃና ገጣሚ ነበር። በ962 አቡ ፊራስ በሩሞች እጅ ተማረከና ወደ ቁስጥንጥንያ ተወሰደ። ዘመዱ ሰይፍ አድ-ደውላ የቤዛውን ገንዘብ ቶሎ ሳይከፍል ቀርቶ ምርኮው አራት ዓመት ያህል ቆየ። በዚህ ጊዜ የገጠማቸው ቅኔዎች «ሩሚያት» ተብለው ይታወቃሉ።

ከነዚህ ግጥሞች አንዱ ምርኮኛው በእስር ሳለ በአቅራቢያው ዛፍ ላይ ሆና የምታንጎራጉር ርግብን ያነጋግራል። እንደ ጎረቤት አድርጎ ይጠራታል። ያለበትን ሁኔታ ታውቅ እንደሆነ ይጠይቃታል። አንቺ መለየትን አልቀመስሽም፣ ጭንቀትም በልብሽ አልገባም ይላታል። ኀዘኑን ትካፈለው ዘንድም ይጋብዛታል። በመጨረሻም ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ያስተውላል፤ ክንፏ ያልታሰረው ወፍ ታለቅሳለች፣ እጁ የታሰረው ሰው ግን ዕንባውን ውጦ ዝም ብሏል። እርሱም ቢሆን ለማልቀስ ከእርሷ የበለጠ ምክንያት አለው፤ ዳሩ ግን በጠላት ፊት ማልቀስ ለጦር አለቃ ነውር ነው።

በዚህ ግጥም ርግብ የሰላም ምልክት አይደለችም። ቅርንጫፉ የርሷ ነው፤ ሰማዩም የርሷ ነው። ለታሰረው ሰው ግን ያጣውን ነገር የምትለካ ሚዛን ናት። አቡ ፊራስ በ966 ምርኮኞች ሲለዋወጡ ተፈታ። ዳሩ ግን ዕድሜው አልረዘመም፤ ሰይፍ አድ-ደውላ በሞተ በዓመቱ በ968 በሥልጣን ሽኩቻ ከወገኖቹ ጋር ሲዋጋ ተገደለ። የሩም ወህኒ ያልገደለውን ሰው የገዛ ዘመዶቹ ገደሉት። ግጥሙ ግን ከገዳዮቹ ዘመን አልፎ ኖረ። ከሺህ ዓመት በኋላ በ1963 የሞተው የባግዳዱ ድምፃዊ ናዚም አል-ገዛሊ አዚሞታል። ዛሬም ዐረብኛ በሚነገርበት አገር ሁሉ በቃል ይባላል።

የነጋዴው በቀቀን

ከሐለብ ወደ ምሥራቅ ስንጓዝ ኹራሳንን እናገኛለን። የፋርስ ገጣሚዎች ወፍን ከሁሉ ይልቅ የያዙት የነፍስ ምሳሌ አድርገው ነው። የኒሻፑሩ ፈሪዱዲን ዐጣር በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው «መንጢቅ አጥ-ጠይር» በተሰኘ የግጥም መጽሐፍ ወፎች ሁሉ ንጉሣቸውን ሲሙርግን ፍለጋ ይወጣሉ። መሪያቸው ከነቢዩ ሱለይማን ታሪክ የምናውቃት ሁድሁድ ናት። ሰባት ሸለቆዎችን አልፈው ከመድረሻው የደረሱት ሠላሳ ብቻ ነበሩ። በፋርስኛ «ሲ ሙርግ» ማለት «ሠላሳ ወፍ» ማለት ነውና ፍለጋቸው ወደ ራሳቸው ይመልሳቸዋል።

በ1207 ተወልዶ በ1273 በቆንያ የሞተው ጀላሉዲን ሩሚ ደግሞ በ«መስነዊ» የመጀመሪያው መጽሐፍ የአንድ ነጋዴንና የበቀቀኑን ታሪክ ይተርካል። መስነዊ በንባብ ብቻ ሳይሆን በዜማ ሲወርድ የኖረ ሥራ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ነጋዴው ወደ ሕንድ ሊሄድ ሲነሣ በቀፎ የታሰረችውን በቀቀኑን ምን ላምጣልሽ ይላታል። እርሷም በሕንድ የሚኖሩ በቀቀኖችን ሲያገኝ ሰላምታዋን እንዲያደርስላትና በቀፎ መታሰሯን እንዲነግርላት ትለምነዋለች። ነጋዴውም ሄዶ የተባለውን ይናገራል። መልእክቱን ከሰሙት በቀቀኖች አንዷ ተንቀጥቅጣ ወድቃ ትሞታለች። ነጋዴው ባደረገው ነገር እያዘነ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ የሆነውንም ለራሱ በቀቀን ይነግራታል። እርሷም ወዲያው ተንቀጥቅጣ ትወድቃለች። እያለቀሰ ከቀፎዋ አውጥቶ ሲጥላት ግን በርራ ከዛፍ ላይ ታርፋለች። የሕንዷ በቀቀን የላከችላት መልስ ያ ነበር፤ ያሳሰረሽ ድምፅሽ ነውና ዝም በዪ፣ ሙችና ዳኚ የሚል ትርጉም ያለው መልስ!

የሱፊ ሊቃውንት ይህን ታሪክ የሚፈቱት ከመሞት በፊት ስለ መሞት፣ ማለትም ስሜትን ገድሎ ነፍስን ስለ ማስፈታት ነው። ፍቺው ትክክል ነው። ከዚህ ላይ ግን ሌላም ነገር ማስተዋል ይገባል። ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም። በቀቀኑን ይወዳት ነበር። ስጦታ ሊያመጣላት ይፈልጋል፤ ስትሞትበትም ከልቡ ያለቅሳል። ሁሉን ሊሰጣት ፈቃደኛ ነበር፤ ቀፎውን መክፈት ግን ከቶ አላሰበም። ብዙ አሳሪዎች እንደዚህ ናቸው፤ የሚያስሩት ስለሚወዱ እንደሆነ ይናገራሉ።

የንጋት ወፍ

ከሩሚ ዘመን ወዲህ ሰባት መቶ ዓመት ያህል አልፎ፣ ይህቺው የፋርስ የግጥም ወፍ ከነፍስ ምሳሌነት ወደ ሕዝብ ምሳሌነት ተሸጋገረች። ይህን ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው በ1886 በኹራሳን ከተማ በመሽሐድ የተወለደው ሙሐመድ ተቂ ባሃር ነው። «የገጣሚዎች ንጉሥ» የሚለውን ማዕረግ ከአባቱ ወርሷል።

ባሃር ወጣት ሳለ በ1906 የኢራን ንጉሥ ሕገ መንግሥት ፈቅዶ የመጀመሪያው ምክር ቤት ተከፈተ። በ1908 ተከታዩ ንጉሥ ሙሐመድ ዐሊ ሻህ በሩሲያ መኮንን በሚመራ ጦር ምክር ቤቱን በመድፍ አስደበደበ። በ1909 የሕገ መንግሥቱ ደጋፊዎች አሸንፈው ምክር ቤቱን መለሱት፤ በ1911 ግን ሩሲያ ባስከተለችው ጫና እንደገና ተዘጋ። ባሃር በዚህ ውስጥ ጋዜጣ አዘጋጀ፣ የምክር ቤት አባል ሆነ፣ ተሰደደም። በ1925 ረዛ ኻን ዘውዱን ሊይዝ በተቃረበበት ወቅት ባሃርን ሊገድሉ የተላኩ ሰዎች በመልክ ተሳስተው አንድ የቀዝቪን ጋዜጠኛ ከምክር ቤቱ ደጃፍ ገደሉ።

«ሙርጌ ሰሐር»፣ ማለትም «የንጋት ወፍ» የተሰኘው መዝሙር በዚህ ዘመን፣ በ1920ዎቹ የተገጠመ ነው። ዜማውን የደረሰው ከኢራን አይሁድ ማኅበረሰብ የተወለደው የታር ተጫዋች ሙርተዛ ነይዳውድ ነው። ከጊዜው ድምፃውያን ሙሉክ ዘራቢ በሸክላ አስቀርጻዋለች። በመዝሙሩ ውስጥ ገጣሚው ሊነጋ ሲል የምትጮኸውን ወፍ ያነጋግራል። ለቅሶዋን እንድትጀምር፣ በትንፋሽዋ ትኩሳት ቀፎዋን እንድትሰብር፣ ስለ ሰው ልጅ ነፃነት እንድታዜም ይለምናታል። ሁለተኛው ክፍል ይብስ ግልጽ ነው፤ የባለሀብቱንና የባለሥልጣኑን ግፍ በስሙ ይጠራል። በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚዜመው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። ባሃር ራሱ በ1933 ታስሮ ወደ ኢስፋሃን ተግዟል። በ1934 የገጣሚው የፊርዶውሲ አንድ ሺህኛ ዓመት ሲከበር ወደ ቴህራን እንዲመለስ ተፈቀደለት። በ1951 ሞተ።

መዝሙሩን በኋለኛው ዘመን ሕያው ያደረገው ሌላው የመሽሐድ ልጅ ሙሐመድ ረዛ ሸጀርያን ነው። በ1940 ተወለደ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሠለጠነውም በቁርኣን ንባብ ነበር። «ረበና» የተባለው ዱዓው ለብዙ ዓመታት በረመዷን የማፍጠሪያ ሰዓት ሲደርስ በኢራን ሬዲዮ ይሰማ ነበር። በ2009 ከተካሄደው ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት ከሕዝቡ ጎን በመቆሙ ድምፁ ከመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠፋ፤ ውሎ አድሮም ያ ዱዓ ጭምር ቀረ። የሙዚቃ ዝግጅቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው ሕዝቡ እየጠየቀው በ«የንጋት ወፍ» ነበር። ጥቅምት 8 ቀን 2020 በቴህራን ሲሞት በሆስፒታሉ ደጃፍ የተሰበሰበው ሕዝብ ይህንኑ መዝሙር አዜመለት። መዝሙሩ ሲጻፍ የነበረው ንጉሥ የለም፤ የንጉሡም ዘውድ የለም። ወፊቱ ግን እስካሁን ቀፎዋን እንድትሰብር ትለመናለች። ልመናው ያልቆመው ቀፎው በዘውዱ ስላልጠፋ ነው።

«ወፌ»

ወደ ገዛ ቋንቋችን እንመለስ። በአማርኛ «ወፍ ሲንጫጫ» ማለት ሌሊቱ ነጋ፣ የፈጅር ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። አንድ ሕፃን ዳዴ ማለቱን ትቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ ሲቆም ቤተሰቡ ሁሉ እያጨበጨበ «ወፌ ቆመች» ይለዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ልጁ እንዳይፈራ፣ ቢወድቅም የሚያነሣው እጅ በአጠገቡ እንዳለ እንዲያውቅ ነው። ይህች ወፍ የሐረሙ ርግብ እኅት ናት። የምትቆመው በዙሪያዋ ያሉ እጆች የማይጎዷት ስለሆኑ ነው።

ይኸው «ወፌ» የሚለው የፍቅር ቃል ግን በደርግ ዘመን ለሌላ ሥራ ዋለ። «ወፌ ላላ» የተባለው የሥቃይ ዓይነት ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በየምርመራው ቤት የታወቀ ነበር። እስረኛው እጅና እግሩ አንድ ላይ ታስሮ በጉልበቱ ሥር ዘንግ ይገባበትና ቁልቁል ይሰቀላል፤ ከዚያም ውስጥ እግሩን ይገረፋል። ብዙዎች ከዚያ በኋላ እንደ ልባቸው መራመድ አልቻሉም። በልጅነቱ «ወፌ ቆመች» ተብሎ የተጨበጨበለት ሰው በጉልምስናው «ወፌ ላላ» ተብሎ እንዳይቆም ተደረገ። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የዚያን ጊዜ ሰለባዎች መታሰቢያ ነው።

በዚያው ጊዜ በየመድረኩ ስለ ሰላምና ስለ ነፃነት የሚዘመሩ መዝሙሮች አልጠፉም ነበር። የመዝሙር ብዛት ለሰላም ምስክር እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ማጠቃለያ

እስካሁን ካየናቸው ታሪኮች አንድ ነገር እንማራለን። አን-ናቢጋ ሽሽት ላይ ነበር፤ አቡ ፊራስ ምርኮኛ ነበር፤ ባሃር ለግድያ የሚፈለግና ቆይቶም የታሰረ ሰው ነበር። ስለ ወፍ አጥብቀው ያዜሙት ሰማዩ የተከለከላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በአንድ ዘመን ስለ ታሰረች ወፍ ብዙ ሲዜም ብንሰማ የዜማውን ውበት አድንቀን ብቻ አንለፍ። የዚያን ዘመን ወህኒ ቤት እንመልከት። ወፊቱን ማን ነው የያዛት? ብለን እንጠይቅ።

ሌላው ቁም ነገር ደግሞ ሁለቱ ወፎች የሚታረቁበት ሥፍራ መኖሩ ነው። የሐረሙ ርግብ ቀፎ የላትም። ክንፏ አልተቆረጠም፤ እግሯም አልታሰረም። በፈለገች ጊዜ ወደ ተራራው ትበርራለች፤ በፈለገች ጊዜ ወርዳ በሰው መካከል እህል ትለቅማለች። ሰላሟ ነፃነቷን አልነሣትም፤ ነፃነቷም ከሰው አላራቃትም። የነጋዴው በቀቀን ግን ፍቅር ነበራት፣ ምግብ ነበራት፣ ነፃነት አልነበራትም። ለማምለጥ የግድ መሞት ነበረባት። ሰላም ነው ብለን የምንጠራው ነገር ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል ለማወቅ አንድ ፈተና ይበቃል። በሩ ቢከፈት ወፊቱ ተመልሳ ትመጣለች ወይ?

በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን፣ ልጅ በምናሳድግበትና ሠራተኛ በምናሠራበት ቦታ ሁሉ፣ በእጃችን ሥር ያለች ወፍ አትጠፋም። ስለ ርግብ የሚገጥሙ ገጣሚዎች ሞልተውናል። የጎደለን የእናቲቱን ጭንቀት አይቶ ጫጩቶቹን መልሱላት የሚል ሰው ነው።